አደራ የተባለችው ሴት

እናትየዋ የሟች እህቷን ስልክ በየሳምንቱ እሁድ ጠዋት ቻርጅ ታደርጋለች። ስልኩ የቁልፎቹ ቁጥር የተፋቀ፣ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ አሮጌ ነው፤ የሚደውልለት የለም፣ የሚደውልበትም የለም፤ ባለቤቱ ከተቀበረች ዓመት ከሦስት ወር አልፏል። ቢሆንም እሁድ በመጣ ቁጥር እናትየዋ ከኮመዲኖው መሳቢያ ታወጣዋለች፣ በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለዋለች፣ ሶኬቱ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ከዚያም መብራቱ ብልጭ እስኪል ድረስ ቆማ ታየዋለች። ልጇ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ዋዛ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ይሄን ስልክ ለምንድን ነው ቻርጅ የምታደርጊው?» ብላ ጠይቃታለች። «ባትሪው እንዳይሞት» አለችና እናትየዋ ድስቷን ልታማስል ሄደች። ልጅም ሐዘን ሰውን ብዙ ነገር ያሠራል ብላ ተወችው። ሐዘን ብቻ መስሏት ነበር።

ይህችን ልጅ ዘመድ ሁሉ «አራሚዋ» ይላታል። ልጅ መባሏ ለእናቷ ነው እንጂ አርባን ካለፈች ቆይታለች። ማተሚያ ቤት ውስጥ ለኅትመት የሚገባ ጽሑፍ ስታርም ሃያ ዓመት ሞልቷታል፤ የመድኃኒት መግለጫ፣ የፈተና ወረቀት፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሰው ውል፣ ምን ያላለፈባት ነገር አለ። ስለዚህ ቤተሰቡ አንድ ደብዳቤ በደረሰው ቁጥር፣ አንድ ወሬ በሰማ ቁጥር «አራሚዋ ትየው» ይላል። እሷ ካየችው በኋላ የሚጠራጠር የለም። ይህ ነገር በፊት በፊት ደስ ይላት ነበር።

የምትኖረው ከተማው ዳር ባለ የኪራይ ክፍል ነው፤ እናቷ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ። በመካከላቸው ሁለት አውቶቡስና አንድ ሰዓት ተኩል አለ። በየማለዳው ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን እናትየዋ ትደውልላትና ስልኩ አንዴ እንደጮኸ ትዘጋዋለች። አይነሳም፤ እንዲነሳም አይደለም። ትርጉሙ «ተነስቻለሁ፣ ደህና ነኝ» ነው። ዘዴውን ያመጣችው ሟቿ አክስት ናት። ብቻዋን ትኖር ስለነበር በየጠዋቱ ለሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ታስጮኽላቸው ነበር። አክስትየዋ ማንበብ ስለማትችል፣ አንድ ቁጥርን ስትጫን ለአራሚዋ፣ ሁለት ቁጥርን ስትጫን ለእናትየዋ እንዲደውል አራሚዋ አስተካክላላት ነበር፤ የአክስትየዋ የስልክ ዓለም እነዚያ ሁለት ቁልፎች ነበሩ። አንድ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አልገባትም፤ ወይም ገብቷት እንዳልገባት ሆናለች፣ በእሷ ነገር እርግጠኛ መሆን አይቻልም። የሰው ስልክ ሲዘጋ «የደወሉለት ስልክ ለጊዜው ዝግ ነው» የምትለዋ የተቀዳች ድምፅ እውነተኛ ሴት ትመስላት ነበር። «እሺ የኔ ልጅ፣ ስትመጣ አክስትሽ ደውላ ነበር በያት፤ አደራ» ትላትና አመስግና ትዘጋለች። አንድ ቀን «ድምፅሽ ደክሟል፣ ጉንፋን ይዞሽ እንዳይሆን» ስትላት ቤቱ ሙሉ ሰው በሳቅ ፈርሷል። ከሞተች ወዲህ ይህን ቀልድ ያነሳው ሰው የለም።

ዛሬ አንድ ሰዓት ሆነ፣ ስልኩ አልጮኸም።

አራሚዋ የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች ቆመች። አንድ ሰዓት ከአምስት። ከአሥር። ደወለች፤ ያቺው ሴት ዝግ ነው አለቻት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የቤተሰቡን የመልእክት ገጽ ከፈተችው። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አጎቷ የላከው ጽሑፍ ከላይ ነበር። አጎቷን «ራዲዮ» ይሉታል፤ ሰው ሳይነቃ ዜና ያሰማል። «አስቸኳይ» ይላል ጽሑፉ። «ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ነገ ማታ ድረስ አዲስ ማሻሻያ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሁሉም ስልክ ላይ ይጫናል። በዚህ ጊዜ ክፍት ሆኖ የተገኘ ስልክ ፎቶው፣ ቁጥሩ፣ መልእክቱ ሁሉ ይጠፋል፤ ስልኩም ከድንጋይ አይሻልም። የሚወዱትን ሰው ያስጠንቅቁ። የሰማ ላልሰማ ያሰማ።» ከሥሩ የራዲዮ ልጅ፣ ትንሿ የሚሏት፣ ወሯ የገባው እርጉዝ፣ «እንዝጋ ወይስ ይቅር?» ብላ ጽፋለች። ራዲዮም መልሷል፤ «አራሚዋ ትየው።»

አራሚዋ ስልኩን እንደሚያቃጥል ነገር አልጋው ላይ ጣለችው። ጽሑፉን ታውቀዋለች። ከቀኑ በቀር አንድ ፊደል አልተለወጠም።

የሚያሳፍረው ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው፤ ጫማዋን አድርጋ ሥራ ሄደች። እናቴ ማስጠንቀቂያውን አይታ ዘግታው ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል ብላ ራሷን አሳመነች። ይህን ምክንያት ከዚህ በፊትም ተጠቅማበታለች፤ ልክ እንደ አሮጌ ጫማ እግሯን ሳይቆረቁራት ገባላት። አውቶቡሱ ውስጥ ግማሹ ሰው ስልኩን ዘግቶ ሰዓት እየተጠያየቀ ነው። አንድ ወፍራም ሰውዬ ብቻ የእጅ ሰዓት ስላሰረ እንደ ሹም ተከብሮ ሁሉም ወደ እሱ ያንጋጥጣል። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት የዳቦ ዋጋ መጨመሩን፣ የቤት ኪራይ መጨመሩን፣ አሁን ደግሞ ስልክም ሊበሉን ነው ስትል ለማንም ሳይሆን ለመስኮቱ ታወራለች። አራሚዋ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ስልኳን ጨብጣለች። ቢጮህ በመዳፏ እንድትሰማው ነው። አልጮኸም።

የማረሚያው ክፍል ከማሽኖቹ በላይ ነው፤ ወለሉ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ክብ ክብ ይሠራል። ሥራው ለሁለት ነው። አንዱ ደንበኛው ያመጣውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የታተመውን ናሙና ከብረት ማስመሪያ ጋር መስመር በመስመር ይከተላል። አንባቢው ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር ሲያነብ ስብከት ይመስላል። ከተስማማ አራሚዋ «ልክ ነው» ትላለች፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። የዛሬው የሳል ሽሮፕ መግለጫ ነበር። «ለአዋቂ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አሥር ሚሊ ሊትር» አለ አንባቢው። «ልክ ነው» አለች። «ከምግብ በኋላ፣ አራት ነጥብ።» «ልክ ነው።» በዚህ ቃል ሃያ ዓመት እንጀራዋን በልታበታለች። የደንበኛው ጽሑፍ ራሱ ውሸት ይሁን እውነት መመርመር የእሷ ሥራ አይደለም፤ የእሷ ሥራ ቅጂው ከዋናው መግጠሙን ማየት ነው።

አምና ያጠፋትም ይኸው ነው። ያን ጊዜም ማስጠንቀቂያው ሲመጣ «አራሚዋ ትየው» ተባለ። እሷም ቀልዳ አልነበረም፤ ሥራዬ ብላ ነው የያዘችው። አንዱን ከራዲዮ፣ አንዱን ከጎረቤቷ፣ አንዱን ከመሥሪያ ቤት ሰው፣ በድምሩ ሦስት ቅጂ አሰባሰበች። የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች። ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋ ከላይ እስከ ታች ቃል በቃል አስተያየቻቸው። አንድም ነጥብ አልተለያየም። ስለዚህ «ልክ ነው፣ ዝጉ» ብላ ጻፈች። ሦስቱ የሚመሳሰሉት ከአንድ ቦታ የተቀዱ ስለሆኑ መሆኑን፣ የተቀዳ ነገር መቶ ቢሆን ያው አንድ መሆኑን ማንም ሕፃን ይነግራት ነበር። እሷ ግን አራሚ ናትና ቅጂዎቹ ተስማሙላት። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይላል አገር፤ እሷ መላውን ትታ ማስመሪያ ጨመረች።

ቤተሰቡ ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ዘጋ፣ ሰኞ ጠዋት ከፈተ። በእነዚያ ሁለት ቀናት የአክስትየዋ የጠዋት ጥሪ አለመምጣቱ ማንንም አላስደነገጠም፤ ወደ ተዘጋ ስልክ ጥሪ አይገባማ። ሰኞም ሳይመጣ ሲቀር አራሚዋ ደወለችላት፤ ዝግ ነው። ገና አልከፈተችውም ተባለ። እኩለ ቀን ላይ እናትየዋ ሄዳ በሩን አስከፈተች። አክስትየዋ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ዳሌዋ ተሰብሮ፣ በአንድ ጎኗ ተኝታ ተገኘች። ሐኪሙ ወረቀት እየሞላ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ «እስከ እሁድ ማታ በሕይወት ነበረች» አለ። አራሚዋን የወቀሳት አልነበረም። እሷም ራሷን ስትወቅስ አንድ የምትይዘው ገመድ ነበራት፤ አክስቴም ስልኳን ዘግታ ነበር፣ እኔ ዝጉ ባልልም ኖሮ ወድቃ መደወል ትችል አትችል ማን ያውቃል የሚል። በዚህ ገመድ ተንጠልጥላ ዓመት ከሦስት ወር ኖራለች። አንዲት ጥያቄ ግን በእሷና በእናቷ መካከል ሳትነሳ ቀርታለች። ማንበብ የማትችለውን ሴት፣ ስልክሽን ዝጊ ብሎ የነገራት ማን ነበር? አራሚዋ እናቷ ነግራታለች ብላ ነበር። እናቷን ግን ጠይቃት አታውቅም፤ እናቷም አልጠየቀቻትም። ሁለቱ ሲገናኙ ስለ ዘይት ዋጋ ያወራሉ።

«ለሕፃናት፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ» አለ አንባቢው። መልስ የለም። «ለሕፃናት፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ» ደገመ፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አያት። አራሚዋ ማስመሪያውን አስቀምጣ ተነስታ ነበር።

«ጋሼ፣ እናቴ ጋ ልሂድ። ስልኳ ዝግ ነው።»

«ዛሬ የማን ስልክ ክፍት ነው ልጄ?» አለ ሽማግሌው ሊያጽናናት።

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሁለተኛው አውቶቡስ የሚነሳበት ቦታ ላይ አንድ ስልክ ጠጋኝ በቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የተሰበሩ መስታወቶች ይፍቃል። የአውቶቡሱ ወረፋ ረጅም ነበርና አራሚዋ ሱቁ ፊት ቆማ ጠበቀች። አንዲት ሴት «ማሻሻያው እንዳይገባብኝ ቆልፍልኝ» እያለች ታስጨንቀዋለች። «እህቴ» ይላታል ጠጋኙ፣ ቀና ሳይል፣ «ማሻሻያ ማለት ሌባ እንዳይገባ የተሰነጠቀ በር መጠገን ነው። አልፎ አልፎ ያስቸግራል፣ አልዋሽሽም፤ የተጨናነቀ ስልክ ላይ ሲጫን ይንቀራፈፋል፤ ፎቶውን ሌላ ቦታ ያላስቀመጠ ሰው ሊያለቅስም ይችላል። የዓለም ስልክ ሁሉ በአንድ ቀን ድንጋይ ሲሆን ግን አላየሁም። ቢሆንማ እኔ ይሄን ጊዜ ፎቅ ሠርቼ ነበር።» ወረፋው ሳቀ። አራሚዋ አልሳቀችም። «ታዲያ ሰው ለምን ያምነዋል?» አለችው። ጠጋኙ መፍቻውን አስቀምጦ አሰበበት፤ ጥያቄውን ጥሩ ሆኖ ሳያገኘው አልቀረም። «ውሸት ቢሆንም አልጎዳም ብሎ ነዋ። ገንዘብ አምጡ አላለ፣ ቁጥር ስጡ አላለ። ሁለት ቀን ስልክ መዝጋት ማንን ይጎዳል?» አውቶቡሱ መጣ። አራሚዋ እየተገፋች ወጣች፤ ጥያቄው ግን አብሯት ተሳፍሮ ቆሞ ሄደ።

የእናቷ ሰፈር ስትደርስ አምስት ሰዓት ሊሞላ ነው። ደረጃውን ወጣች፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከአንደኛው ደረጃ እስከ ሦስተኛው የሰው ልብስ ተሰጥቷል። አንኳኳች። «እማዬ!» አለች ቀስ ብላ፤ ጮክ ማለት ፈራች። መልስ የለም። በትርፍ ቁልፏ ከፈተች። ሳሎኑ እንደ ወትሮው ነው፤ ወንበሮቹ ቀጥ ብለዋል፣ የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል፣ መጋረጃው ግማሽ ድረስ ተከፍቷል። መኝታ ቤቱ ባዶ፣ አልጋው ተነጥፏል። የቀረው መታጠቢያ ቤቱ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። አራሚዋ እዚያ በር ፊት ስትቆም ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ በሕልሟ የቆመችበት በር ይኸው ነበር፤ በሕልሟ አንድም ቀን ገፍታው አታውቅም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል አለች በሆዷ፤ ገፋችው። ሳሙና፣ ባልዲ፣ የተሰቀለ ፎጣ። ሰው የለም።

«እዚህ ነኝ» አለ የእናቷ ድምፅ ከኋላዋ፣ ከወጥ ቤቱ።

እናትየዋ ትንሿ ጠረጴዛ አጠገብ፣ እጆቿን አጣጥፋ፣ እንደ እንግዳ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ አለ። የራሷ ተዘግቷል። የእህቷ አሮጌ ስልክ በርቷል።

«ስጠራሽ ለምን ዝም አልሽ?» አለች አራሚዋ። «ለምን ዘጋሽው? ለምን አላስጮኽሽውም? እኔ እኮ…»

«ተቀመጪ» አለች እናትየዋ። የግድግዳውን ሰዓት አየችና፣ «አራት ሰዓት ፈጀብሽ። ያኔ ለሁለታችንም ሦስት ቀን ፈጅቶብን ነበር» አለች።

«ልትፈትኚኝ ነው?»

«ልፈትንሽ አይደለም» አለችና መልሳ፣ «እውነቱን ልንገርሽ፣ ልፈትንሽ ነው። ሌሊት የወንድሜን ጽሑፍ ሳይ እንቅልፍ አጣሁ። አንቺን እየጠበቁ ነው። ልክ ነው ካልሽ ይዘጋሉ። እኔ ደግሞ ይሄን ነገር ይዤው ልቀበር ነበር የፈለግሁት። ልጄን ለምን ላሳምም፣ የሞተች አትመለስ ብዬ። ዛሬ ግን እንደገና ዝም ካልኩ ኃጢአቱ የኔም ነው።» አሮጌውን ስልክ በአንድ ጣቷ ወደ ልጇ ገፋችው። «አንቺ ነሽ አንባቢዋ። አንብቢው።»

«ምኑን?»

«ያኔ የነገራት የለም» አለች እናትየዋ። «ስልክሽን ዝጊ ብሎ። እኔ አንቺ ነግረሻታል ብዬ ነበር።»

አራሚዋ ስልኩን አላነሳችውም። ሶኬቱን፣ በርጩማውን፣ የእሁዶቹን ጠዋቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ አየቻቸው።

«ካጠገቧ ሳነሳው ጠፍቶ ነበር» ቀጠለች እናትየዋ፤ «ባትሪው አልቆ። ሁላችንም ዘግታው ነው አልን። ከቀብሩ በኋላ እሁድ ቻርጅ አደረግሁት። እንጃ፣ ድምፅዋ ያለበት መስሎኝ ይሆናል። ቁጥሩን ነካካሁት፣ ይሄ ወጣ። ባትሪው ከሞተ ይጠፋል ብዬ ፈርቼ ነው በየሳምንቱ የምሞላው።»

አራሚዋ ስልኩን አነሳች። የወጡ ጥሪዎች ይላል። አሮጌ ስልክ የመጨረሻዎቹን ሃያ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከዚያ በፊት ስንት እንደነበሩ የሚያውቅ የለም። ከታች ጀምራ፣ ሥራዋ እንዳስለመዳት፣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር፣ አራሚዋ። ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት፣ እህቴ። ቅዳሜ፣ አሥር ሰዓት ከሩብ፣ አራሚዋ።» ስሙን ራሷ ነበረች የጻፈችው፤ አክስትየዋ «ለኔም እንደ ሰው ሁሉ አራሚዋ ነሽ» ብላ ስቃ ነበር ያን ቀን። «ቅዳሜ፣ ማታ ሁለት ሰዓት፣ አራሚዋ። እሁድ፣ አንድ ሰዓት…» እዚህ ላይ ቆመች። እሁድ ጠዋት፣ ልክ አንድ ሰዓት። መሬት ላይ ተኝታም ሰዓቷን አላሳለፈችም። አራሚዋ ዓይኗን ጠረገችና ቀጠለች፤ «እሁድ፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ፣ አራሚዋ።»

«አንድ መስመር ዘለልሽ» አለች እናቷ።

ቀና አለች። እናትየዋ ስልኩን አላየችም፤ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። ከንፈሮቿ ግን አብረው ይንቀሳቀሱ ነበር። ሃያውንም በቃሏ ታውቃቸዋለች።

«እሁድ፣ አንድ ሰዓት ከሁለት፣ እህቴ» አለች እናትየዋ። «ለኔም አስጩኻልኛለች።»

አራሚዋ የዘለለችውን መስመር አገኘችው። በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሌላ ሰው አረማት። እስከ መጨረሻው አነበበች፤ እናትየዋ በየመስመሩ አንገቷን ትነቀንቃለች። የመጨረሻው እሁድ ማታ ሁለት ሰዓት ከአምስት ይላል፤ አራሚዋ ይላል። የሁሉም ርዝመት ዜሮ ነው። ስልካቸው ሲከፈት እገሌ ደውሎልሽ ነበር የሚል መልእክት አልመጣም፤ እነሱ በሚጠቀሙበት መስመር ላይ እንዲህ ያለ አገልግሎት የለም። ያነሳ ሰው አልነበረም። አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ የደወሉለት ስልክ ለጊዜው ዝግ ነው የምትል፤ ጉንፋን የማይዛት፣ የማትደክም። አክስትየዋ ያን ሁሉ ጊዜ አደራ ያለቻት እሷን ነው። መሬት ላይ በጎኗ ተኝታ፣ ስትመጣ ንገሪያት፣ ወድቃለች በያት፣ አደራ የኔ ልጅ ስትላት አራሚዋ ጆሮ ላይ ተሰማ፤ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ፣ ግን ቃሉ አንድ በአንድ። ገመዱ ተበጠሰ። የተዘጋው የአክስቷ ስልክ አልነበረም። የተዘጋው የእነሱ ነበር፤ ያስዘጋችው እሷ ናት።

አለቀሰች። እናትየዋ አላባበለቻትም፤ አልተቆጣቻትምም። ወንበሯን ብቻ ወደ ልጇ ሳብ አድርጋ ጉልበቷ ጉልበቷን እስኪነካ ተጠጋች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል፤ ከላይ ፎቅ ሰው ወንበር ይጎትታል። እናትየዋ፣ «እኔም ዘግቼ ነበር» አለች። «ልክ ነው ያልሽው አንቺ ብትሆኚም ጣቴ የራሴ ነው።»

አራሚዋ ፊቷን ታጥባ መጣችና ስልኳን አወጣች። የሚጻፈው አጭር ነበር፤ ሁለት ጊዜ አላነበበችውም፣ አላረመችውም። «ውሸት ነው። የአምናውም ውሸት ነበር። ልክ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ ነው ያልኩት። አክስቴ ስልኳን አልዘጋችም ነበር፤ ሁለት ቀን ደውላልናለች። ዝግ የነበርነው እኛ ነን። ስልካችሁን ክፈቱ።» ላከችው። መልእክቱ አጠገብ አንዲት ምልክት ወጣች፤ ሁለተኛዋ፣ ደረሰ የምትለዋ፣ አልመጣችም። ጠበቁ። ዘጠኝ ሰው ያለበት ገጽ ነው፤ አንድም የደረሰው የለም። ሰዓቱን አየች፤ ከአምስት ሰዓት አልፏል፤ ማስጠንቀቂያው ሦስት ሰዓት ነበር የሚለው። የእሷን መልስ ጠብቀው ጠብቀው፣ ዝምታዋን እንደ አዎ ቆጥረው ዘግተዋል።

ራዲዮ ጋ ደወለች፤ ዝግ። የራዲዮ ሚስት ጋ፤ ዝግ። ትንሿ ጋ ደወለች። ትንሿ ወሯ ገብቷል፣ ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፣ ከትናንት ጀምሮ መንገድ ላይ ነው፣ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ናት። «የደወሉለት ስልክ» አለች ሴትዮዋ በዚያው በማይደክም ድምፅዋ፣ «ለጊዜው ዝግ ነው።» አራሚዋ መዝጋት ነበረባት፤ አልዘጋችም። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«እሺ እህቴ» አለች፤ ከአፏ ሲወጣ የራሷ ድምፅ አልመሰላትም፤ «ስትከፍተው ደውላ ነበር በይልኝ። አደራ።»

እናትየዋ ስልኩን ከእጇ ቀስ ብላ ወሰደችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከእህቷ ስልክ አጠገብ አስቀመጠችው። የራሷንም ከፍታ አጠገቡ አደረገችው። ከዚያ ሻርፗን ከወንበሩ ላይ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«እሷ አትነግርልሽም» አለች። «ተነሺ፣ መጀመሪያ ትንሿ ጋ እንሂድ። በር እናንኳኳለን።»